ላፕቶፗን የመረጠልን ድረ ገጽ በምን ይኖራል?

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ እኔ ቨርጂኒያ። ባለፈው አማዞን ከሚባለው የኢንተርኔት ሱቅ አንድ ሊንክ በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ «ይቺን ነው የምፈልጋት፤ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ላኪልኝ» ይላል። ላፕቶፕ ናት፤ ዋጋዋ 700 ዶላር።

እንዴት እንደመረጣት ስጠይቀው፣ ላፕቶፕ እየገዛ የሚፈትሽ አንድ የእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ላይ ሦስት ሌሊት እንዳመሸ ነገረኝ። ባትሪዋ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ለክተዋል። ስትሞቅ የቱ ጋ እንደምትግል ሳይቀር ጽፈዋል። አሥራ ምናምን ላፕቶፕ ገዝተው፣ ሁሉንም ፈትሸው፣ አንዷን መርጠዋል። ወንድሜ ለዚህ ሁሉ ያወጣው የሞባይል ዳታውን ብቻ ነው።

ሊንኩን ከፈትኩ፣ ላፕቶፗን ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ፣ እግረ መንገዴን ለራሴ የ40 ዶላር የቡና መፍጫ ጨመርኩና ከፈልኩ።

ሊንኩን ልብ ብዬ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ረጅም ነው፤ ፊደልና ቁጥር እንደ ባቡር ተቀጣጥሎበታል። መጨረሻው አካባቢ «ታግ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ከሱ ቀጥሎ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ የዚያ ድረ ገጽ ስም፣ ከዚያ ጭረት፣ በመጨረሻ 20። ይቺ 20 የአሜሪካው አማዞን ምልክት ናት፤ የእንግሊዙ 21 ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ከድረ ገጹ ወደ አማዞን ሲሻገር ታጓ አብራው ተሻገረች። አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ሲልክልኝ እሷም ተላከች። እኔ ስከፍል አማዞን ታጓን አየና «ይቺን ገዢ ያመጣልኝ እገሌ ነው» ብሎ መዘገበ።

ይህን ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ ያለው፦ «ታዲያ እኛ ላይ ጨምረው ነዋ!»

አልጨመሩም። ሊንኩን ትቼ በቀጥታ አማዞን ገብቼ ብገዛም ያው 700 ዶላር ነበር። ኮሚሽኑ የሚወጣው ከሻጩ ኪስ ነው። ሻጩ ለማስታወቂያ ሊያወጣ ካሰበው ገንዘብ ቆርሶ፣ ገዢ ላመጣለት ሰው ይሰጣል። ሊንኩን ባልነካው ኖሮ ድርሻዋ ለእኔ አትመለስም፤ ሱቁ ጋ ትቀራለች። እርግጥ ነው፣ የሱቁ የማስታወቂያ ወጪ ዞሮ ዞሮ ከሁላችንም የግዢ ዋጋ ነው የሚወጣው። ግን ሊንክ ነክቶ የገዛ ሰው ከጎረቤቱ የበለጠ አይከፍልም።

ይህ አሠራር አፊሊየት ይባላል። ወንድሜ ግን የራሱ ስም ነበረው፤ «ደላላ ናቸው በይኛ» አለ።

ልክ ነው፣ ግማሹ። ደላላም ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ከሽያጩ መቶኛ ይወስዳል። ሽያጭ ከሌለ ደላላው ቀኑን ሙሉ ቢዞርም ጦሙን ያድራል። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ሰው አንብቦ፣ አመስግኖ፣ ሳይገዛ ከወጣ አምስት ሳንቲም የለም። ልዩነቱ ደላላ ቤቱን ያሳይሃል እንጂ ቤቱ ውስጥ ሦስት ወር ኖሮ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አይነግርህም። ጥሩ ገምጋሚ ግን ኖሮበት ነው የሚነግርህ። መጥፎው ገምጋሚ ደግሞ ከደላላም ይብሳል፤ ደላላ ቢያንስ ቤቱን በዓይኑ አይቶታል።

ወደ ሳንቲሙ እንምጣ። አማዞን ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የተለየ መቶኛ አለው። በቅርብ ዓመታት ሠንጠረዡ ላይ ኮምፒውተር 2.5 በመቶ፣ ቴሌቪዥን 2 በመቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ፣ የምግብ ሸቀጥ 1 በመቶ ነው። ከእኔ ግዢ ላፕቶፗ 17 ዶላር ከ50 አስገባችላቸው። የቡና መፍጫው 1 ዶላር ከ80። ድምሩ 19 ዶላር ከ30 ሳንቲም። ስለ ቡና መፍጫ አንዲት ቃል አልጻፉም፤ የሱንም አገኙ።

ይህ ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ደንቡ ነው። ሊንኩን ስትነኩ ብራውዘራችሁ ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ማስታወሻ ትቀመጣለች። በአማዞን ሕግ ዕድሜዋ 24 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ የገዛችሁት፣ የተመከረውም ያልተመከረውም፣ ለላካችሁ ሰው ይቆጠርለታል። በ24 ሰዓቱ ውስጥ ቅርጫት ውስጥ የገባ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጊዜ አለው፤ ቅርጫቱ እስኪያልፍበት ድረስ፣ በተለምዶ 90 ቀን፣ ብትገዙት ይታሰባል። ነገር ግን በመሀል የሌላ ሰው ሊንክ ከነካችሁ የፊተኛው ተሰርዞ የኋለኛው ይተካል። የመጨረሻው ነው የሚበላው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ጉድ ታመጣለች።

ክፍያውም ቶሎ አይደለም። የወሩ ሂሳብ ከተዘጋ ወደ 60 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው የሚከፈለው። ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑም አብሮ ይመለሳል። በነገራችን ላይ፣ ድረ ገጽ ከፍቶ ዘመድ አዝማዱን «በእኔ ሊንክ ግዙ» ብሎ መኖር የሚያስብ ካለ፣ አማዞን ራስንም ጓደኛንም ዘመድንም በደንቡ ከልክሏል። እኛን እያሰቡ ያወጡት ሕግ ይመስለኛል።

19 ዶላር ከአንድ ሰው ከሆነማ ሀብታም ናቸው ትሉ ይሆናል። የእኔ ዓይነቷ ግዢ ብርቅ ናት። ብሌንደር እንውሰድ። አንድ ድረ ገጽ አማካይ ዋጋቸው 100 ዶላር የሆኑ አሥር ብሌንደሮች ገዝቶ ያወዳድራል እንበል። ዕቃው ብቻ 1,000 ዶላር ወጣበት። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የፎቶው፣ በየጊዜው የሚፈጨው በረዶና ሙዝ ገና አልተቆጠረም። ከዚያ ሐቀኛ ከሆነ «የ60 ዶላሩ ይበቃችኋል» ይላል። ከአንዱ ብሌንደር የሚያገኘው 2 ዶላር ከ70 ነው። የብሌንደሮቹን ዋጋ ብቻ ለመመለስ 371 ሰው በሊንኩ መግዛት አለበት። ሊንክ ከሚነካው ሰው ደግሞ የሚበዛው ዋጋ አይቶ የሚመለስ ነው።

ሥራው የሚያዋጣው ብዙ አንባቢ ላለውና ጽሑፉን ለዓመታት እያደሰ ለሚያቆይ ነው። የዚህ አሠራር ስመ ጥሩ ምሳሌ ዋየርከተር የሚባለው የአሜሪካ የዕቃ ግምገማ ድረ ገጽ ነው። በ2011 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ብራያን ላም ቀድሞ የቴክኖሎጂ ዜና አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። በቀን ሃያ ዜና ከመልቀቅ ይልቅ «የቱን ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ረጅም መልስ መጻፍ ይሻላል አለ። በ2015 አንባቢዎቹ በሊንኮቹ በኩል የገዙት ዕቃ 150 ሚሊዮን ዶላር እንደደረሰ ድርጅቱ ተናግሯል። በ2016 ኒው ዮርክ ታይምስ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ2021 ደግሞ የማንበቢያ ክፍያ ተጨመረበት። በሊንክ ገቢ ብቻ መኖር ለትልቁም እንደማይበቃ ከዚህ ይገባናል።

የአማዞን ፕሮግራም ራሱ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1996 ነው የተጀመረው። ያኔ አማዞን የመጽሐፍ ሱቅ ብቻ ነበር።

አሁን ወንድሜ የጠየቀኝን ሁለተኛ ጥያቄ ላንሳ፤ ዋናው እሱ ነው። «ከሻጩ እየበሉ እንዴት እውነቱን ይነግሩናል?»

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ እኔም እሳሳት ነበር። ኮሚሽን ካለ ሁሉም ውሸታም ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ሂሳቡን ልብ ብላችሁ እዩት። አማዞን ላይ የኤችፒ ላፕቶፕም የሌኖቮ ላፕቶፕም 2.5 በመቶ ነው። ገምጋሚው ኤችፒን መረጠ ሌኖቮን፣ ዋጋቸው ከተቀራረበ ያው ነው። ኩባንያዎቹ በቀጥታ የሰጡት ነገር የለም። እንዲያውም የማይረባውን ቢመርጥ ዕቃው ይመለስና ኮሚሽኑም ይመለሳል፤ አንባቢውም ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ሱቅ፣ አንድ መቶኛ ባለበት ቦታ ገምጋሚው የትኛውንም ብራንድ የሚወድበት የገንዘብ ምክንያት የለውም። ወዶ ሊሳሳት ይችላል እንጂ ተከፍሎት አይደለም።

የሚበላሸው መቶኛው ሲለያይ ነው። አንዱ ኩባንያ 3 ሌላው 30 ሲከፍል፣ ያኔ የሰው ልጅ ልብ ይፈተናል።

የፍራሹን ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ2010ዎቹ አጋማሽ ፍራሽ ጠቅልሎ በካርቶን ቤት ድረስ የሚልክ ኩባንያ እንደ አሸን ፈላ። ሰው ሳይተኛበት ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ «የቱ ፍራሽ ይሻላል» ብሎ ይፈልጋል። ፍራሽ የሚገመግሙ ትናንሽ ድረ ገጾች በቅለው ይጠብቁታል። ኩባንያዎቹ ለእነዚህ ድረ ገጾች በቀጥታ ኮሚሽን ይከፍሉ ነበር፤ መጠኑም ከአንዱ አንዱ ይለያያል፤ የማይከፍልም አለ። በ2016 ታዋቂው የፍራሽ ኩባንያ ካስፐር ሦስት ገምጋሚዎችን ከሰሰ። ክሱ ባጭሩ፣ ገለልተኛ መስላችሁ ከተፎካካሪዎቼ እየበላችሁ ሰውን ከእኔ ታሸሻላችሁ የሚል ነበር። ነገሩ በስምምነት አለቀ። ከተከሰሱት አንዱ ስሊፖፖሊስ የሚባለው ነበር። በ2017 ይህ ድረ ገጽ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ። ለግዢው የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ማን ነው? ራሱ ካስፐር።

ከሳሹ ገንዘብ አውጥቶ የተከሳሹን ቤት አስገዛ ማለት ነው። አንባቢው ግን ያው ስም፣ ያው ገጽ ነው የሚያየው።

ፍራሽ ከእኛ ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ ቪፒኤን እንምጣ። በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ሲዘጉ ቪፒኤን ያልፈለገ ማን ነበር? ወንድሜ ያኔ «ምርጥ 10 ቪፒኤን» እያለ ጎግል ላይ ሲፈልግ ነበር። ቪፒኤን ሶፍትዌር ነው። አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ለሻጩ የሚያመጣበት ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ለአገናኙ የሚሰጠው ድርሻ ወፍራም ነው። ድርሻው ሲወፍር ምን ይመጣል? በ2021 መጋቢት ላይ ኬፕ ቴክኖሎጂስ የሚባል ድርጅት፣ ቪፒኤን የሚያወዳድሩ ድረ ገጾች ያሉትን ዌብሴሌኔዝ በ149 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ኬፕ ራሱ ሳይበርጎስትና ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ የተባሉ ቪፒኤኖች ነበሩት። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኤክስፕረስ ቪፒኤንን ጨመረ። ተወዳዳሪውም ዳኛውም የአንድ ባለቤት ሆኑ። ድረ ገጾቹ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ይጽፋሉ፤ ግን ኔት ተዘግቶበት የተጨነቀ ሰው እሱን ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል ብላችሁ ነው?

ስለዚህ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህ ነው፦ የብሌንደር ግምገማ ላይ ዘና በሉ፤ የፍራሽ፣ የቪፒኤን፣ የክሬዲት ካርድ ግምገማ ላይ ቀበቷችሁን ጠበቅ አድርጉ።

መቶኛው እኩል በሆነበት ቦታም ቢሆን ግን ኮሚሽን የሚያጣምመው አንድ ነገር አለ። ፍርዱን አይደለም፤ ርዕሱን ነው። ገምጋሚ የሚበላው እናንተ ስትገዙ ብቻ ነው። «ያላችሁን ተጠቀሙ፣ አትግዙ» የሚል ጽሑፍ ኮሚሽን የለውም። ሠፈር ውስጥ ተጠጋግኖ የሚሠራ ዕቃ ኮሚሽን የለውም። ከጓደኛ የሚገዛ አሮጌ ስልክ ኮሚሽን የለውም። ሱቁ ፕሮግራም ከሌለው፣ እዚያ ብቻ የሚሸጥ ጥሩ ዕቃ ከነጭራሹ ላይጻፍ ይችላል። ማንም አልዋሸም፣ ያልተጻፈው ግን አልተጻፈም። ለዚህ ነው ከገና በፊትና ጥቁር ዓርብ (ብላክ ፍራይዴይ) በሚባለው የአሜሪካ የቅናሽ ሰሞን «ይህን ሳትገዙ እንዳታልፉ» የሚለው ጽሑፍ የሚዘንበው። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ከውሸት ግምገማ ይልቅ ያሳስበኛል። ውሸት ይታወቃል። ዝምታ አይታይም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ኮንሱመር ሪፖርትስ ከ1936 ጀምሮ አለ። የሚፈትሸውን ዕቃ ማንነቱን ሳይገልጽ እንደማንኛውም ሰው ከሱቅ ይገዛል፤ በመጽሔቱ ላይ የኩባንያ ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የቆየው በአብዛኛው በአባላት መዋጮ ነው። ግን አባል መሆን ይከፈልበታል። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በዶላር ካርድ የአባልነት ክፍያ እንዴት ይክፈል? ለሱ ነጻ ሆኖ የደረሰው በኮሚሽን የሚኖረው ነው። እኔ እዚህ ስገዛ ከሱቁ ያገኙት 19 ዶላር የሱን ንባብም ሸፈነ ማለት ይቻላል።

ጥሩዎቹ ድረ ገጾች ታዲያ ራሳቸውን ከፈተና ለማራቅ ግድግዳ ይሠራሉ። ዋየርከተር፣ ጸሐፊዎቹ ምርጫቸውን ከመጨረሳቸው በፊት የትኛው ሱቅ ኮሚሽን እንደሚከፍል እንደማይነገራቸው ይገልጻል። መርጠው ከጨረሱ በኋላ ሊንኩን የሚያስገባው ሌላ ክፍል ነው። ነገሩ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ድረ ገጽ ግን አይሠራም፤ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ፈትሾ፣ ማታ ደግሞ የኮሚሽኑን ሂሳብ ራሱ የሚያይ ሰው ግድግዳውን የት ይሠራል? እሱ ጋ ያለው ዋስትና ስሙ ብቻ ነው።

ሕግም አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 መመሪያውን ሲያድስ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉትንም በግልጽ ጨመረ። ከሻጭ ጥቅም የምታገኝ ከሆነ ተናገር ነው ነገሩ። የት ነው የሚነገረው? ሰው በሚያየው ቦታ፣ ከሊንኩ ቅርብ። ገጹ ታች ተደብቆ፣ ሌላ ገጽ ውስጥ ተወትፎ አይሆንም። ደስ ያለኝ ነገር፣ መሥሪያ ቤቱ «አፊሊየት ሊንክ» ብሎ ብቻ መጻፍ ላይበቃ ይችላል ማለቱ ነው፤ ተራ ሰው ቃሉ ላይገባው ይችላልና። «በዚህ ሊንክ ብትገዙ ኮሚሽን አገኛለሁ» ብሎ በሰው ቋንቋ መጻፍ ይሻላል ይላል። በ2024 ጥቅምት ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ደንብ ደግሞ ኩባንያ ራሱ የሚቆጣጠረውን ድረ ገጽ ገለልተኛ ገምጋሚ አስመስሎ ማቅረብን ከለከለ። የፍራሹን ታሪክ ያየ ሰው ይህ ደንብ ለምን እንደመጣ አይጠይቅም።

እስካሁን ገምጋሚውን ስንጠረጥር ቆየን። እሱም ግን የሚያስፈራው አለ፤ የገቢው ቧንቧ በሌሎች እጅ ነው።

አንዱ አማዞን ነው። በ2020 ሚያዝያ፣ ሰው ኮቪድን ፈርቶ ቤት ተዘግቶ ባለበት ወር፣ አማዞን ኮሚሽኑን ቀነሰ። የቤት ዕቃና የቤት ማደሻ ከ8 በመቶ ወደ 3 ወረደ፤ የምግብ ሸቀጥ ከ5 ወደ 1። ሶፋና መሰርሰሪያ እየገመገመ ይኖር የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ከገቢው ከግማሽ በላይ አጣ። ድርድር የለም፤ ኢሜይል መጣ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ጎግል ነው። አንባቢ የሚመጣው ከፍለጋ ነው። በ2024 መጀመሪያ ሃውስፍሬሽ የሚባል አየር ማጣሪያ የሚፈትሽ ትንሽ ድረ ገጽ አቤቱታ አሰማ። ትልልቅ የመጽሔት ስሞች ዕቃውን በእጃቸው ሳይነኩ «ምርጥ አየር ማጣሪያ» ብለው ይጽፋሉ፣ በስማቸው ትልቅነት ከላይ ይወጣሉ፣ እኛ ለክተን የጻፍነው ከታች ተቀበረ አለ። ጽሑፉ በጣም ተወራለት። ከወራት በኋላ ግን ያው ድረ ገጽ ከጎግል የሚመጣለትን አብዛኛውን አንባቢ እንዳጣ ጻፈ። ጎግልም በዚያው ዓመት፣ በታወቀ ስም ጥላ ሥር ሌላ ሰው የሚያመርተውን ጽሑፍ የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ለትንሾቹ ግን የሄደው አንባቢ ሁሉ አልተመለሰም።

ሦስተኛው ያ «የመጨረሻው ነው የሚበላው» ያልኳችሁ ነው። ሃኒ የሚባል የብራውዘር ተጨማሪ አለ፤ ልትከፍሉ ስትሉ ብቅ ብሎ «የቅናሽ ኩፖን ልፈልግልሽ?» ይላል። ፔይፓል በ2020 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ነው የገዛው። በ2024 ታኅሣሥ አንድ ዩቲዩበር ባወጣው ምርመራ፣ ይህ ነገር ገዢው ሲነካው የገምጋሚውን ታግ በራሱ ታግ እየተካ ኮሚሽኑን ይወስዳል ሲል ወነጀለ። ኩፖን ባያገኝም ጭምር። ከዚያ ብዙ ዩቲዩበሮች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ድርጅቱ የምሠራው በዘርፉ ልማድ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2025 መጋቢት ጎግል ለክሮም የሚሠሩ ተጨማሪዎች ለተጠቃሚው ጥቅም ሳይሰጡ ታግ እንዳይጨምሩ ደንቡን አጠበቀ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ደላላው ሦስት ቀን ዞሮ ያገኘልህን ቤት፣ ውል ልትፈርም ስትል በር ላይ የቆመ ሌላ ደላላ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ማለቱ አይደል?

ታዲያ አንድ ግምገማ ስታነቡ ምን ትፈልጋላችሁ? እኔ መጀመሪያ የማየው ፎቶውን ነው። ዕቃው የሰው ጠረጴዛ ላይ፣ ገመዱ ተዝረክርኮ፣ አጠገቡ የቡና ሲኒ ካለ ደስ ይለኛል። ከኩባንያው የወጣ ነጭ ጀርባ ያለው ፎቶ ብቻ ከሆነ ዕቃው በእጃቸው አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ነቀፌታ እፈልጋለሁ። ለመረጡት ዕቃ አንድ እንኳ የሚቆረቁር ጉድለት ካልጻፉ አላምናቸውም። «ይህ ለማን አይሆንም?» የሚል አንቀጽ ካለማ ጎሽ ነው። ዕቃውን ገዝተውት ነው ወይስ ኩባንያው ልኮላቸው? ይህንንም ካልጻፉ እጠረጥራለሁ። ደግሞ ከሁለተኛ ሱቅ ሊንክ ካላቸው፣ ርካሹ የቱ ጋ እንደሆነ ከነገሩኝ፣ ለእኔ እያሰቡ ነው እላለሁ። በአማርኛ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ «ሊንኩ ከታች አለ» የሚሉን ልጆችም ጋ ጥያቄው ያው ነው። ማግኘታቸው ነውር አይደለም። አለመናገራቸው ነው።

አንዴ ይህን ሳላደርግ ተበልቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድረ ገጽ «ምርጥ 10» ካላቸው ውስጥ አንደኛውን ጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። በአራተኛው ወር ግራው ዝም አለ። ተመልሼ ጽሑፉን ሳየው አሥሩም «ድንቅ ድምፅ» ነበራቸው፣ አሥሩም በነጭ ጀርባ። መመለሻው ቀን ደግሞ አልፏል፤ ስለዚህ ኮሚሽናቸው አልተነካም።

ላፕቶፗ በሦስተኛው ሳምንት ሰው ተገኝቶላት ሄደች። ወንድሜ ወዷታል፤ ስትሞቅ የምትግለው ልክ እነሱ ያሉት ቦታ ላይ ነው አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ መልእክት መጣ፤ አሁን ማውዝ ነው የፈለገው። ከአማዞኑ አድራሻ ላይ ከታጓ ጀምሮ ያለውን ቆርጦታል። ለምን ስለው፣ ሊንኩን ያገኘው አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደሆነና የማን ታግ እንደሆነ እንደማያውቅ ጻፈልኝ። ከሥሩ የላፕቶፑን ድረ ገጽ አድራሻ አስከትሏል፦ «ማውዟን እነሱም ፈትሸዋታል። መጀመሪያ በነሱ በኩል ግቢ፤ ኩፖን ልፈልግልሽ የሚል ነገር ብቅ ካለ እንዳትነኪው።»